የገብሬ ሸክላ

ወንድሜ በሸክላ ታሰረ ባልኩ ቁጥር ሰው ሁሉ፣ «የማንን ጋን ሰበረ?» ይለኛል። አይፈረድባቸውም። እኛ አገር ሸክላ ማለት ጋን ነው፣ እንስራ ነው፣ ድስት ነው። ዘፈን የሚታተምበት ያ ጥቁር ክብ ነገርም ሸክላ መባሉን የሚያውቀው ወይ ቡና ቤት ሲያመሽ የኖረ ነው፣ ወይ እንደኔ ወንድም ሥራ የፈታ። «ጋን በሰበረማ!» እላቸዋለሁ። ጋን ቢሰብር በሽማግሌ እንጨርሰው ነበር። የኔ ጉድ ግን የታሰረው፣ ራሱ አንድ ቀን እንኳ ሰምቶት በማያውቀው ዘፈን ነው።

ስሙ ገብረአማኑኤል ነው፤ እኛ ገብሬ እንለዋለን። ተማሪ ሳለ እንግሊዝኛ የሚያስተምረው አንድ አሜሪካዊ ነበረ። ፈረንጆቹ ከአገር ውጡ ሲባሉ ሰውየው ዕቃውን ለተማሪዎቹ አደለ። ለአንዱ ብስክሌት ደረሰው፣ ለአንዱ ወፍራም ካፖርት። ደብረ ብርሃን ላይ ካፖርት ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ በጥቅምት ያደረባት ያውቃል። ለኔ ወንድም የደረሰው ሸክላ ነው። «በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ የለም» ብሎ ሰጠው አሉ። ማጫወቻውንስ? ማጫወቻውን ለሌላ ልጅ ሰጠው፤ ያም ልባም ልጅ አዲስ አበባ ወስዶ ሸጠው። ገብሬ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቤት ሲቀመጥ ሥራው ይኸው ሸክላ ሆነ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ በሳጥን ያስቀምጠዋል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወጣዋል። ሽፋኑ ላይ ፀጉራቸውን ያጎፈሩ አራት ሰዎች ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል፤ ተጣልተው የተኮራረፉ ነው የሚመስሉት። «ይኼኛው ሲዘፍን ድንጋይ ያስለቅሳል» ይላል በጣቱ እየነካ። «ሰምተኸዋል?» ሲሉት፣ «መስማቱ የት ይሄዳል» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። እኔ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ቆሜ ስውል፣ ፀጉሬ ሱፍ እየመሰለ ስመለስ፣ እሱ ጨርቅ ይዞ ሸክላ ይወለውላል።

የታሰረበት ቀን ለስኳር ተሰልፎ ነበር። ቀበሌው ምሰሶ ላይ የሰቀለው ድምፅ ማጉያ የኪነት ቡድናችንን መዝሙር ይለቃል። የመዝሙሩን ግጥም የጻፈው ሊቀመንበራችን ጓድ ወልደተንሣኤ ነው። ከአብዮቱ በፊት ቆዳ ነጋዴ ነበር፤ የበግና የፍየል ቆዳ ሲያይ ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ግጥም ግን ሌላ ነገር ነው። «ወደፊት፣ ወደፊት፣ ወደኋላ የለም» የሚል ነገር አለው፤ ሲደጋግመው ይውላል። ገብሬ ዝም ብሎ ስኳሩን ይዞ አይመጣም? «ይኼ ዘፈን ከሆነ የእናቴ ሳልም ዘፈን ነው» አለ። «ዘፈንስ እኔ ቤት ነው ያለው!» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስኳሩ ሳይደርሰው ወሬው ደረሰ። ጥበቃው ዓወል ጠመንጃውን አንግቶ መጣና፣ «እትዬ እናናየሁ፣ ወላሂ እኔ የለሁበትም፣ ታዝዤ ነው» እያለ ወንድሜንም ሸክላውንም ወሰደ። ሸክላውን እንዳይሰብር በሁለት እጁ ነበር የያዘው፤ ወንድሜን ግን በአንድ እጁ።

ይህን ስናገር የምቀልድ ይመስላል። አልቀልድም። ታላቃችን ገብረመንፈስቅዱስ ከሦስት ዓመት በፊት ከዚያው ቀበሌ ነው ያልተመለሰው። ስንቅ ይዤ ስሄድ፣ «ወደ ላይ ተላልፏል፤ ስንቅ አያስፈልገውም» አሉኝ። ያኔ የሞተ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ እንዳያለቅስ ተከለከለ፤ ድንኳን የለም፣ ሙሾ የለም፣ ነጠላ ማዘቅዘቅ የለም። ትእዛዙን በዚያው ድምፅ ማጉያ ያነበበው ይኸው ጓድ ወልደተንሣኤ ነው። እናታችን ወለተሐና አንድ ጠብታ ሳታነባ አልጋ ያዘች። ከዚያ ወዲህ የልጇን ስም አንስታ አታውቅም፣ እኛም አናነሳም። እንግዲህ ሁለተኛው ልጅሽ እዚያው ገባ ብዬ እንዴት ልንገራት? እነዋሪ ስንዴ ሊሸምት ሄዷል አልኳት።

ማክሰኞ ጠዋት ቁርሷን ሳቀርብላት፣ «ገብሬ አልመጣም?» አለችኝ።

«ስንዴው ተወዶበት ይሆናል፣ እማዬ።»

«እንዴ፣ በጥጋቡ አገር?» አለች። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ መጋረጃ ከፍለንባታል፤ በመጋረጃው ወዲያና ወዲህ ሆነን እኔ ዕቃ አጥባለሁ፣ እሷ ጣሪያ ታያለች። የማታ ፈረቃ ተቀይሬ ስለነበር ስንቁን በጨርቅ ቋጥሬ ወጣሁ። ቀበሌ ስደርስ ዓወል ከበሩ ሮጦ መጣና፣ «ዛሬ ኮሚቴው ሸክላውን ያዳምጣል» አለኝ በሹክሹክታ። «ፀረ አብዮት ሆኖ ከተገኘ ቅዳሜ ወደ ላይ ይተላለፋል።» ወደ ላይ የተላለፈ ሰው እንደማይመለስ አውቃለሁ። ስንቁን ተቀብሎኝ ባይሆን እጥለው ነበር። «አስገባኝ፣ በአላህ» አልኩት። አስገባኝ።

አዳራሹ የባላባት ሳሎን የነበረ ነው። ባላባቱ ሲባረሩ የቀረችው ሸክላ አጫዋች ራዲዮግራም ጥግ ላይ ቆማለች፤ ከበላይዋ የሦስት ጢማሞች ሥዕል አለ። መስኮቱ በመፈክር ስለተሸፈነ ፀሐይ አይገባም፤ ውጪ ከሚበርደው ውስጡ ይበርዳል። ኮሚቴው ሦስት ነው። አንዱ ሊቀመንበሩ፣ ሁለተኛው የእንግሊዝኛ መምህር ይሁኔ፣ ሦስተኛዋ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ በሰለች። መምህር ይሁኔ ትርጉም ሊሰጥ ነው የተጠራው፤ እንግሊዝኛ የሚያስተምረው በአማርኛ መሆኑን ተማሪ ያልሆነ ሁሉ እንኳ ያውቃል። በሰለችን ደግሞ ተዉኝ። የሷም ልጅ ወልደ ሰንበት ታላቃችን በሄደበት ሳምንት ነው የሄደው፤ አርባው ሳይወጣ እሷ ካኪ ለብሳ ማኅበር መሪ ሆነች። የቀረችኝን ሴት ልጅ ላድን ብዬ ነው ትላለች አሉ። እናቴ ስሟ ሲነሳ፣ «ያቺ ድንጋይ» ነው የምትላት። እኔም ሰላምታዋን የምቀበለው በአገጬ ነው።

ገብሬን አምጥተው አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። ጠቁሯል፣ ከስቷል። እኔን ዓይቶ እንኳ ደህና ነሽ አላለኝም፤ ዓይኑ ራዲዮግራሟ ላይ ነው። ሊፈረድበት የመጣ ሰው አይመስልም፤ ሙሽራዋን እስኪያመጡለት የሚጠብቅ ነው የሚመስል። «አንተ ደንቆሮ» አልኩ በሆዴ። ዓወል ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቶ አስቀመጠና መርፌዋን አሳረፈበት።

እግዜር ያሳያችሁ። አራት ጎረምሳ የተባሉት ሰዎች ድምፃቸው የጫጩት ነው። ጺው ጺው ጺው! ከበሮው ቆርቆሮ ላይ የፈሰሰ ሽምብራ ነው የሚመስለው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየቀማው፣ ጅብ እንደሚያባርረው ይሮጣል። ዓወል በሩ ላይ ሆኖ መሳቅ ጀመረ። «ወላሂ፣ አልዩ አምባ የኛ ፍየሎች እንዲህ ነው የሚሉት!» አለ። ሊቀመንበሩ ወደ መምህር ይሁኔ ዞሮ፣ «ምን ይላሉ?» አለው። ይሁኔ ከራቫቱን አስተካከለ። «እ… ፍቅር ነው፣ ጓድ። ፍቅርና… የአየር ጠባይ።» ሊቀመንበሩ ያን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የመዝሙሩ ግጥም የተናቀበት ሰው እንዴት እንደሚደሰት በዓይኔ አየሁ። «ለዚህ ነው እንዴ የኛን ኪነት የናቅከው?» አለው ገብሬን። «አብዮቱ ጫጩት አይፈራም! ተነስ፣ ወደ ቤትህ ሂድ፤ ሸክላህንም ይዘህ ሂድ፣ እህልህን ወፍ እንዳይበላ ታስፈራራበታለህ።»

ስለቴን በልቤ ተሳልኩ። ተነስቼ የገብሬን ክንድ ያዝኩ። ዓወል በሩን ከፈተ፣ ብርሃኑ ገባ። ለእናቴ ሁለተኛ ልጇን ይዤላት ልገባ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የኔ ወንድም ግን ከሁለቱም ይብሳል። ክንዱን ከእጄ መነጨቀና፣ «ጓድ ሊቀመንበር» አለ፣ «ፍጥነቱ ልክ አይደለም።»

«ምን?»

«የኛ አገር ትንንሽ ሸክላ በደቂቃ አርባ አምስት ጊዜ ነው የሚዞር። ማሽኑ እዚያ ላይ ነው ያለው። ይኼ ትልቅ ሸክላ ነው፤ በሠላሳ ሦስት ነው፣ በዝግታ። እዩት፣ ተጽፎበታል። እነሱ ጫጩት አይደሉም።»

በሱ ቤት ስማቸውን ማጽዳቱ ነው። ዝም በል ብዬ በዓይኔ ገደልኩት፣ አላየኝም። ሊቀመንበሩ ሳቁ ፊቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ «እስቲ ይስተካከል» አለ። ገብሬ ራሱ ሄዶ በዚያች በቀጭን ጣቱ ትንሿን እጀታ ገፋ አደረጋት። መርፌዋን መልሶ ከመጀመሪያው አሳረፋት።

እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። ቢያስተምሩኝም አልፈልግ። ግን ለቅሶ በምን ቋንቋ ይጠፋኛል? መጀመሪያ አንድ ክራር የሚመስል ነገር ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ ደጅ ቆሞ ግቡ እስኪሉት እንደሚጠብቅ ሰው መጣ። ከበታቹ ከበሮው ደረት እንደሚመታ እጅ፣ ድም፣ ዝም፣ ድም። ከዚያ የሰውየው ድምፅ ወጣ፤ ወፍራም፣ የሻከረ፣ አንድ ቃል ይልና ያርፋል፣ ያቺኑ ቃል መልሶ ይላል። አስለቃሽ የሟችን ስም የምትጠራው እንዲያ ነው። ሌሎቹ ከኋላ ይቀበሉታል። ዓወል ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ እንደ ምርኩዝ ተደገፈው። ገብሬ ዓይኑን ጨፍኗል፤ አራት ዓመት ሙሉ ሲዋሽ የኖረውን እውነት ሆኖ አገኘው።

በሰለችን ያየኋት ያኔ ነው። ከካኪው ላይ ነጠላ ደርባ ነበር፣ ለብርዱ። ዓይኗ መሬት ላይ ነው፣ የምታደርገውንም ያወቀች አይመስለኝም። እጇ ብቻ ተነሳና የነጠላዋን ጥለት ከእግሯ በኩል ሰብስቦ ወደ አንገቷ አዞረው። ነጠላ ተዘቀዘቀ። በዚያ አዳራሽ፣ በጢማሞቹ ፊት፣ ሦስት ዓመት በዚህ ከተማ ያላየነው ነገር። ከዚያ ደረቷን መታች፣ አንዴ፣ ከከበሮው ጋር። «ወልዴ!» አለች። «ወልዴዋ! ወልዴ!»

«አቤት!» አለ ሊቀመንበሩ ብድግ ብሎ።

እሱንም ሰው በቤት ስሙ ወልዴ ነው የሚለው። የጠራችው መስሎት ነው። ግማሽ ቆሞ ግማሽ ተቀምጦ ሳለ ማንን እንደምትጠራ ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ማልቀስ ክልክል ነው ብሎ ያነበበው እሱ ነው፤ አሁን የገዛ ማኅበር ሰብሳቢው በገዛ አዳራሹ፣ በገዛ ራዲዮግራሙ ለቅሶ ተቀመጠች። ይህ ወሬ ከበር ከወጣ ወደ ላይ የሚተላለፈው ገብሬ ብቻ አይደለም። ሁላችንም ይህን አወቅን። ዘፈኑ ይቀጥላል፣ በሰለች ታለቅሳለች።

ሰው ሲፈራ እንግሊዝኛ ይገለጥለታል መሰለኝ፣ መምህር ይሁኔ ድንገት ተነሳ። «ጓድ ሊቀመንበር! አሁን ጠርቶ ተሰማኝ። ይኼ ስለ ጭቁን ሠራተኞች ነው። ማዕድን ሲቆፍሩ ጉድጓድ ተንዶባቸው ስለሞቱ የእንግሊዝ ላብ አደሮች!» አንዱን ቃል እንኳ እንዳልሰማ ነፍሴን አስይዛለሁ። ሊቀመንበሩ ግን ጎርፍ የወሰደው ሰው ቅርንጫፍ እንደሚይዝ ያዛት። ጉሮሮውን ጠረገ። «እንደምናየው» አለ ማንም ሳይኖር ለሕዝብ እንደሚናገር ጮክ ብሎ፣ «ጓድ በሰለች ለዓለም ላብ አደሮች ያላትን ከፍተኛ ወገናዊ ስሜት በእንባ ገልጻለች። ሸክላው ተራማጅ ሆኖ ተገኝቷል። የቀበሌው ንብረት ሆኖ ለማንቂያ ይውላል። ተከሳሹ በነጻ ተለቋል።» ለወለደችው ልጅ የተከለከለችውን እንባ ለማታውቀው ፈረንጅ ፈቀዱላት። ወይ አገር! በሰለች ቀና ብላ አየችው። ነጠላዋን አላስተካከለችም።

ወጣን። የጠባሴን መንገድ ይዘን እስክንርቅ ድረስ አልተናገርኩም፤ ከተናገርኩ እጄ ይቀድመኛል ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ፣ «ለቆህ ነበር እኮ! ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አልኩት።

«እታለም» አለኝ፣ «ጫጩት ናቸው ብዬ ልውጣ? አራት ዓመት የጠበቅኩትን?»

«እኔስ? እማዬስ? አንተን ደግሞ በልተውብን ቢሆንስ?»

ትንሽ ከሄድን በኋላ ተከዘና፣ «ሁለተኛው ፊት ቀረ» አለ። በጥፊ ባጮልኩት ምን ያህል ደስ ባለኝ። መንገድ ላይ ነን፣ ሰው ያያል፣ ደግሞ ከስቷል። ተውኩት።

እናቴ ስንገባ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ነበር። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «ከእነዋሪ ባዶ እጅህን ነው የመጣኸው?» አለችው።

«ስንዴው ነቅዟል፣ እማዬ።»

«ሸክላህስ? እሱም ነቀዘ?»

ሁለታችንም አፈርን። ለካ የመጀመሪያውን ቀን ነው ያወቀችው፤ የኛን ውሸት እየዋጠች ነው የከረመችው። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጫጩቱን፣ ሠላሳ ሦስቱን፣ የበሰለችን ነጠላ፣ «አቤት» ያለውን። ያስቃታል ብዬ ነበር። አልሳቀችም። «ጥለቱን ወደ አንገቷ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ሐሙስ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነው። በሌላ ጊዜ ቅጣት ካልተባለ ሰው አይሄድም፤ አንዷ ወገቤን ትላለች፣ አንዷ ልጄ ታሞ። የዚያን ሐሙስ ግን ዓወል ስብሰባ መኖሩን በየቤቱ ሲናገር ዋለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መርዶ እንደሚያረዳ። «በሰለች ሸክላውን እናዳምጣለን ብላለች» ይላል። እናቴ ከአልጋዋ ተነሳች። «ነጠላዬን አምጪ» አለችኝ። ድንጋይ ወዳለቻት ሴት ስብሰባ፣ ሦስት ዓመት የተኛች ሴትዮ፣ በክንዴ ተደግፋ ሄደች።

አዳራሹ ሞልቶ ሴቱ መሬት ላይ ተቀምጧል። ለካ ያልተለቀሰለት ሰው ያለው እኛ ቤት ብቻ አይደለም። በሰለች ፊት ለፊት ቆመችና፣ «የዛሬው አጀንዳ የዓለም ላብ አደሮች ናቸው» አለች። ድምፅዋ ደረቅ ነው፣ እንደ ወትሮው። ዓወል ፊቱን ወደ ውጪ አዙሮ በሩን ከኋላው ዘጋ። እሷ ራሷ እጀታዋን ወደ ሠላሳ ሦስት ገፋች። ክራሩ እንደመጣ፣ ማንም ሳያዝ፣ በአዳራሹ ያለ ጥለት ሁሉ ወደ አንገት ዞረ። ሊቀመንበሩ ቢሮው ውስጥ ሆኖ የሰማ ይመስለኛል፤ ግን ተራማጅ ያለው ራሱ ነው፣ ምን ይበል? ፊቱ ሲያልቅ ሸክላውን ገለበጡት። እኔም ሱፌን ሳላራግፍ፣ እንደ ማንኛዋም ሴት፣ ደረቴን እየደቃሁ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

ስንወጣ ገብሬ መስኮቱ ሥር ተለጥፎ አገኘነው። ተናዷል። «ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!» አለ። «ሁለተኛው ፊት አንድ ቃል አልተሰማኝም እኮ! ጩኸታችሁ ዋጠው!»

እናቴ ቆመች። ዓይኗ አብጧል፤ ነጠላዋን ገና አላስተካከለችም። እጁን ያዘችው።

«ድንጋይ ያስለቅሳል ስትል የምትቀጥፍ ይመስለኝ ነበር» አለችው። «ጥሩ ሸክላ ነው፣ ልጄ። ገብረመንፈስቅዱስን ዛሬ ቀበርኩት።»

በአንዱ ክንዷ እሱ፣ በሌላው እኔ ሆነን ወደ ቤታችን ወሰድናት።